የአበባ ሽንኩርት በአዲስ አበባ ዳርቻ፦ የፍሪጅ ብርድ፣ ከፍ ያለ መደብና የሰኔ ቀጠሮ

የአበባ ሽንኩርት፣ ማለትም ለአበባው ተብሎ የሚተከለውን የሽንኩርት ወገን (አሊየም)፣ ለመትከል የተነሳን ሰው መጀመሪያ የሚያሳስተው «ክረምት» የሚለው ቃል ነው። የውጭ አገር መመሪያዎች «ክረምት ሳይገባ ትከሉት፤ ክረምቱን መሬት ውስጥ ያሳልፍ፤ ሲሞቅ ያብባል» ይላሉ። የእነሱ ክረምት ግን ብርድ ነው፣ የእኛው ዝናብ። እዚያ የሽንኩርቱ ራስ አፈር ውስጥ በብርድ ተኝቶ ይከርማል፤ እዚህ ሐምሌንና ነሐሴን ዋልካ ውስጥ የከረመ ራስ በመስከረም ሲቆፈር ቡናማ፣ የሚሸት ልጥልጥ ነገር ሆኖ ይገኛል። የእኛ ብርድ የሚመጣው በበጋ ነው፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ። እሱም ቢሆን የሌሊት ብርድ እንጂ የወቅት ብርድ አይደለም። ከዚህ በታች የምናስቀምጠው በሱሉልታ፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩና በሰበታ በኩል ባሉ ጓሮዎች ሲሞከር የሚይዘውንና የማይዘውን ነው።

አሊየም ማለት ሽንኩርት ራሱ ነው። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ባሮ ሽንኩርት የዚህ ወገን ናቸው፤ ወገኑ ከ900 በላይ ዝርያዎች አሉት። በረጅም ዘንግ ላይ ኳስ የሚያህል ወይን ጠጅ አበባ የሚያወጡት ትልልቆቹ አብዛኞቹ የመካከለኛው እስያና የኢራን ተራሮች ተወላጆች ናቸው። በአገራቸው ብርዱ ብርቱ ነው፣ ሙቀቱም ሲመጣ ከድርቅ ጋር ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፦ አበባ ለመያዝ ረጅም ብርድ፣ ካበቡ በኋላ ደግሞ ደረቅ እንቅልፍ። አዲስ አበባ አካባቢ ሁለቱም በተፈጥሮ የሉም። ሁለቱንም ሰው ነው የሚሠራላቸው።

ሱሉልታና ሆለታ ያለ ሰው እዚህ ላይ ይከራከራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይወርዳል፣ ሣሩ ነጭ ለብሶ ያድራል፤ «ከዚህ በላይ ምን ብርድ አለ?» ይላል። ውርጩን ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሳያልፍ ፀሐይ ታነሳዋለች፣ እኩለ ቀን ላይ ሰው ሹራቡን ያወልቃል። የሌሊቱ ቁር ከአፈሩ ገጽ ጥቂት ጣት ወርዶ ሳይጨርስ ቀኑ ይመልሰዋል፤ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ የተቀመጠ ራስ አይቀምሰውም። ትልልቆቹ የሚፈልጉት ከ9 ዲግሪ በታች የሆነ፣ የማይቋረጥ፣ ከ12 እስከ 16 ሳምንት የሚቆይ ብርድ ነው። ያንን የሚሰጥ ፍሪጅ ብቻ ነው።

የትኛውን መትከል ይሻላል

መጀመሪያ የሚተከለው የወጥ ቤቱ ቀይ ሽንኩርት ነው ብንል የሚስቅ አይጠፋም። ግን ያለ ፍሪጅ፣ ያለ ማስገቢያ ፈቃድ፣ በመጀመሪያው ዓመት ክብ አበባ የሚሰጠው እሱ ነው። ቀይ ሽንኩርት አበባ ለመያዝ የሚፈልገው ብርድ መጠነኛ ነው፤ ከ9 እስከ 13 ዲግሪ አካባቢ ያለ ቅዝቃዜ ይበቃዋል፣ ራሱም ከአፈሩ ገጽ አጠገብ ስለሚቀመጥ የዳርቻው ሌሊት ይደርሰዋል። አምርተው የሚሸጡ ገበሬዎች «ወደ አበባ ሄደብኝ» ብለው የሚያዝኑበት ጠባዩ ለአበባ ተካይ ሲሳይ ነው።

ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት ከገበያ 4 ኪሎ ያህል ሽንኩርት ይመረጣል። ስፋቱ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ጠንካራ፣ ሥሩ በኩል ያልለሰለሰ ይሁን። አናቱ ላይ አረንጓዴ ማጎንቆል የጀመረ ከሆነ እንዲያውም ይመረጣል፤ ነጋዴው ደግሞ እሱን በርካሽ ይለቀዋል። ትንንሾቹ አይበጁም፤ ራሱ ቀጭን ከሆነ ቅጠል ብቻ አውጥቶ ይቀራል። አንገቱ ከአፈሩ ገጽ እኩል እንዲሆን ተደርጎ በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከላል፤ በ1 ሜትር በ3 ሜትር መደብ ላይ ወደ 40 ራስ ይገባል። በጥምቀት አካባቢ አንዱ ራስ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዘንግ ያወጣል። ዘንጉ ውስጡ ባዶ ነው፤ ከወገቡ በታች እንደ ጠርሙስ ያበጠ፣ ቁመቱም እስከ 1 ሜትር ነው። ባዶ ስለሆነ የታኅሣሥና የጥር ነፋስ ይሰብረዋል። በመደቡ አራት ማዕዘን ሸምበቆ ተክሎ በሁለት ከፍታ፣ በ40 እና በ70 ሳንቲ ሜትር፣ ዙሪያውን ሲባጎ ማሰር ይበቃል። እያንዳንዱን ዘንግ ለብቻ ማሰር ልፋት ነው፤ ደግሞም ሲባጎው ዘንጉን ያንቀዋል።

የሐበሻ ሽንኩርትም እንዲሁ ያብባል፤ ዘንጉ አጠር፣ ኳሱ አነስ ይላል፣ ነፋስን ግን ከቀይ ሽንኩርት ይሻላል። ባሮ ሽንኩርት ደግሞ ካበበ ከሁሉም ያምራል፤ ኳሱ ትልቅ፣ ቀለሙ ከነጭ እስከ ስስ ወይን ጠጅ ነው። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል፣ በዘር ተዘርቶ የሚያብበው አንድ የብርድ ወቅት ካሳለፈ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ረድፍ እየተከፈሉ የሚባዙት ናቸው። ጋርሊክ ቻይቭ የሚባለው፣ ጠፍጣፋ ቅጠልና ነጭ ኮከብ የመሰለ አበባ ያለው የቻይናው ዓይነት፣ እንደ ትልልቆቹ ረጅም ብርድ አይጠይቅም፤ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይኖራል። ሌላው፣ ተራው ቻይቭ ግን ቅጠሉ ሲለመልም አበባው ቢያንስ አይግረማችሁ፤ እሱ አበባ ለመያዝ ብርድ የሚፈልግ ነው። በ2018 በአሜሪካ የዓመቱ ምርጥ ተክል የተባለው ሚሌኒየም የዚሁ ረድፍ ነው፤ ተክሉን እዚህ ማግኘት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በዚህ ረድፍ ከሁሉም የሚያስተማምነው አሊየም እንኳ አይደለም። ቱልባጊያ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ዘመዳቸው ነው። ቅጠሉ ሲዳሰስ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤ ስስ ወይን ጠጅ አበባውን በ50 ሳንቲ ሜትር ዘንግ ላይ ለብዙ ወራት ያወጣል፣ ብርድም አይለምንም። ሱሉልታ ላይ ውርጭ የቅጠሉን ጫፍ ቢያቃጥለውም ከሥሩ ይመለሳል። ለጀማሪ ከፊት ረድፍ እሱን፣ ከኋላ ቀይ ሽንኩርት፣ ትልቅ ክብ አበባ በክረምት ለሚፈልግ ደግሞ በከተማው ጓሮ ሁሉ የሞላውን አጋፓንቱስ እንመክራለን።

ሦስተኛው ረድፍ በፍሪጅ የሚመጣው ነው። እዚህ ውስጥ መጀመሪያ መሞከር ያለባቸው ፐርፕል ሴንሴሽንና ስፌሮሴፋሎን ናቸው። ስፌሮሴፋሎን አገሩ ከአውሮፓና ከሰሜን አፍሪካ እስከ ምዕራብ እስያ ስለሆነ እንደ ተራራዎቹ አይነቶች ጨካኝ አይደለም፤ ኳሱ ትንሽ፣ እንቁላል ቅርጽ፣ ከአናቱ ጀምሮ ወደ ታች እየጠቆረ የሚቀላ ነው። ጂጋንቲየምና ግሎብማስተር ፎቶ ላይ ያማልላሉ፤ የግሎብማስተር ኳስ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ዋጋቸው ግን ከባድ ነው፣ ስህተትም አይምሩም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ይደረስባቸዋል።

ራሱ የሚሸጠው በዙሪያው ልክ ነው። ፐርፕል ሴንሴሽን ከ12 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ በታች ከሆነ፣ ጂጋንቲየም ከ20 በታች ከሆነ፣ ስፌሮሴፋሎን ከ5 በታች ከሆነ አበባ አይጠበቅም። ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ከግብርና ባለሥልጣን የማስገቢያ ፈቃድ፣ ከላኪው አገር ደግሞ የእጽዋት ጤና ሰርተፍኬት ያስፈልገዋል። በሻንጣ ማስገባት የሚቀናው አለ። ከራሱ ጋር የተጣበቀ አንድ ጭብጥ አፈር ግን የሰፈሩን ነጭ ሽንኩርት ሁሉ ሊያጠፋ ይችላል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እንመለስበታለን።

መደቡ

ዋልካ ወይም መረሬ ያለበት ሰው፣ ማለትም የሱሉልታ ሜዳ፣ የለገጣፎ፣ የገላንና የአቃቂ በኩል፣ መሬቱን ቆፍሮ መትከል የለበትም። ሁለት የተለመዱ ስህተቶች አሉ። አንደኛው ትንሽ አሸዋ ከዋልካ ጋር ማደባለቅ ነው፤ ይህ አፈር ማሻሻል ሳይሆን ጡብ ማቡካት ነው። ሁለተኛው 40 ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ ጉድጓዱን በጥሩ አፈር መሙላት ነው። ዙሪያው ዋልካ ስለሆነ ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል፣ የጓሮው ውሃ ሁሉ ወደ እሱ ይጠራቀማል። የተሻለው አፈር ከገጹ በላይ መቆም አለበት።

ለ1 ሜትር በ3 ሜትር መደብ ዙሪያውን አንድ ረድፍ ብሎኬት ይደረደራል፤ 20 ፍሬ ይበቃል፣ ከፍታውም 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ብሎኬቶቹ በሲሚንቶ አይያያዙም፤ በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል፣ ውሃው የሚወጣው በዚያ ነው። ሥሩ ያለው ዋልካ በዶማ ለስሙ ተጭሮ ወደ አንድ ጎን እንዲያዘቀዝቅ ይደረጋል። ከዚያ ድብልቁ ይሞላል፦ በ20 ሊትር ጀሪካን ተለክቶ 19 ጀሪካን የላይኛው አፈር፣ 9 ጀሪካን በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ 10 ጀሪካን ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር)። መካከሉ 30 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ጫፉ እንዲወርድ እንደ ጎጆ ክዳን ይጎበጣል። ሬድ አሹ ከመቀላቀሉ በፊት በወንፊት ይነፋል፤ ዱቄቱ ካልወጣ የውሃውን መንገድ ራሱ ይደፍነዋል። ከአተር እስከ ባቄላ የሚያህለው ጠጠር ነው የሚፈለገው። ብሎኬት ከሚሠራበት ቦታ የሚገኝ ፑሚስም ያገለግላል፣ እንዲያውም ቀላል ነው። ከመደቡ ውጭ ዙሪያውን 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ወጥቶ ወደ መውረጃው ይገናኛል።

ትኩስ ፍግ ከነጭራሹ አይገባም። የሽንኩርቱን ሥር ያቃጥላል፣ ያልተብላላው ናይትሮጅን ቅጠሉን ያወፍርና አንገቱን ያለሰልሳል፣ የለሰለሰ አንገት ደግሞ በመጀመሪያው ካፊያ ይበሰብሳል።

ቀይ አፈር ያላቸው፣ የእንጦጦ ግርጌና የቡራዩ ተዳፋት፣ ከውሃው ችግር ይልቅ የሚገጥማቸው ኮምጣጣነት ነው። ሽንኩርት የሚወደው ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ) ከ6 እስከ 7.5 ያለውን ነው። ከ5.5 በታች ከሆነ በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ግራም የግብርና ኖራ ከመትከል ሁለት ወር በፊት ይቀላቀላል። ተዳፋት ላይ የብሎኬት መደቡ አስገዳጅ አይደለም፤ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ተራ መደብ ይበቃል። አፈሩ ያፈስሳል ወይስ አያፈስስም የሚለውን ለመለየት 30 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ ሁለት ጊዜ በውሃ መሙላት ነው፦ ሁለተኛው ውሃ በ4 ሰዓት ውስጥ ካልጠለለ ብሎኬት ግዙ።

ቦታው ቢያንስ የ6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። በባሕር ዛፍ ሥር አይሞከርም፤ ሥሩ ውሃውን ይቀድመዋል።

ፍሪጁ

የሦስተኛው ረድፍ ራሶች በመስከረም ይገዛሉ፣ ጥቅምት 1 ፍሪጅ ይገባሉ፣ ከ16 ሳምንት በኋላ፣ ጥር 22 አካባቢ፣ ይወጣሉ። በልምድ ሁሉም ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብሎ መሥራት ይጠቅማል።

የተነፋ ሰጋቱራ በእጅ ሲጨመቅ ውሃ የማያንጠባጥብ፣ ግን ቀዝቀዝ የሚል እርጥበት እስኪኖረው ይረጫል። በካኪ ከረጢት ሁለት ጣት ያህል ይነጠፋል፣ ራሶቹ ሳይነካኩ ይደረደራሉ፣ ከላይም ይሸፈናሉ። ፌስታል አይሆንም፤ ውስጡ ያላብና ሰማያዊ ሻጋታ ይጀምራል። ከረጢቱ ላይ ስሙና የገባበት ቀን ይጻፋል። የሚቀመጠው ከታችኛው መደርደሪያ ፊት ለፊት ነው፤ የኋላው ግድግዳ በረዶ ይሠራል፣ በረዶ የነካው ራስ ሲቀልጥ ውሃ ይሆናል። የፍሪጁ ቁጥር ሙቀቱን አይነግርም፤ ቴርሞሜትር ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነክሮ አንድ ሌሊት አሳድሮ ማየት ነው። ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ሲሆን ልክ ነው።

ዋናው ጠላት ፍራፍሬ ነው። ፖም፣ ሙዝ፣ ማንጎና አቮካዶ ሲበስሉ ኤትሊን የተባለ ጋዝ ያወጣሉ፤ ይህ ጋዝ ራሱ ውስጥ የተፀነሰውን የአበባ እንቡጥ ይገድለዋል። ከውጭ ምንም አይታይም። ራሱ ጠንካራ ነው፣ ቅጠሉም ያምራል፣ ሚያዝያ ላይ ግን ዘንግ አይመጣም። ፍሪጁ ለቤተሰብ የሚያገለግል ከሆነ ፍሬው ለአራት ወር ውጭ ይቀመጥ። ይህን ከቤት ሰው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ከማንኛውም ማዳበሪያ ይበልጣል።

መብራት ሲጠፋ በሩን አለመክፈት ነው፤ ለአንድ ቀን ቢቆይ ጉዳት የለውም። በየሁለት ሳምንቱ ከረጢቱ ይከፈታል፦ ላዩ ላይ ብቻ ሻጋታ የያዘው በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፣ የለሰለሰው ይጣላል። ወደ መጨረሻው ነጭ ሥር ቢታይ ጥሩ ምልክት ነው። ቡቃያው ከ2 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ቀኑ ሳይደርስም ይተከላል። ከ10 ሳምንት በፊት የወጣ ራስ ግን ወይ አያብብም፣ ወይ ኳሱ ከቅጠሎቹ መካከል ሳይወጣ መሬት ላይ ቁጭ ይላል። እንዲህ ያጠረ ዘንግ ካያችሁ ማዳበሪያ አትጨምሩ፣ የጎደለው ብርድ ነው።

ተከላና ውሃ

ጥር መጨረሻ ላይ አፈሩ ደረቅና ሙቅ ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ የሞቀ አፈር ፍሪጁ የሰጠውን ብርድ ሊያስረሳው ስለሚችል ከተከላው ሁለት ቀን በፊት መደቡ ይጠጣል፣ ተከላው ወደ ማታ ይሆናል፣ ወዲያውም 5 ሳንቲ ሜትር የጤፍ ጭድ ይጎዘጎዛል። ጥልቀቱ ከራሱ ቁመት ሁለት ተኩል ያህል ነው፦ ጂጋንቲየም ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ፐርፕል ሴንሴሽን 12 ጥልቀትና 20 ርቀት፣ ስፌሮሴፋሎን 8 ጥልቀትና 10 ርቀት። ስፌሮሴፋሎን ለብቻው ከተበተነ ይጠፋል፤ 15 እና 20 ራስ ባንድ ቦታ ሲሰባሰብ ነው ዓይን የሚገባው።

ማዳበሪያ ለ3 ካሬ ሜትር መደብ በተከላ ጊዜ 60 ግራም ኤንፒኤስ፣ ማለትም 4 ያልተቆለለ የሾርባ ማንኪያ፣ ከራሱ በታች ሳይነካው ይቀላቀላል። ቅጠሉ አንድ ስንዝር ሲሆን 30 ግራም ዩሪያ በውሃ ይከተላል። ከዚያ በኋላ ምንም። ውሃው በካሬ ሜትር 10 ሊትር፣ በየ4 ቀኑ፤ በልግ ከጣለ ይዘለላል። ቅጠሉ ከግማሽ በላይ ሲቢጫ ውሃ ይቆማል።

የትልልቆቹ ቅጠል አበባው ሲመጣ ጫፉ ይደርቃል። ይህ በሽታ አይደለም፣ ጠባያቸው ነው፤ ግን ያስጠላል። ስለዚህ ከፊታቸው የጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝ ወይም ጤና አዳም ቢተከል ደረቁን ይሸፍናል። ቅጠሉን መቁረጥ ግን የሚቀጥለውን ዓመት አበባ መቁረጥ ነው፤ ራሱ የሚሞላው በዚያ ቅጠል ነው።

በአዲስ አበባ ሰማይ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በ1 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ለዚህ ነው በሰሜን አገር መጽሐፍ የተጻፈው የማበቢያ ወር እዚህ ልክ የማይመጣው። እኛ የምንቆጥረው ከተከላ ቀን ከ8 እስከ 12 ሳምንት ነው፤ ያም መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ ላይ ያደርሳል።

አበባው ሲፈታ ቀረብ ብሎ ማየት ያስደስታል። ቀይ ሽንኩርቱን እንውሰድ። በመጀመሪያ የዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ የሆነ ነጭ ቆብ አለ፣ አናቱ የሾለ። አንድ ጠዋት ቆቡ ባንድ በኩል ይተረተራል፣ ከውስጡ እንደ ማሽላ ራስ የታጨቁ አረንጓዴ እንቡጦች ይታያሉ። እንቡጦቹ በተራ አይፈቱም፤ አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ነው። ለዚህ ነው ኳሱ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሳይከስም የሚቆየው። እያንዳንዷ አበባ ስድስት ነጭ ቅጠል አላት፣ በየቅጠሉ መካከል አረንጓዴ መስመር። ከውስጠኞቹ ሦስት ክሮች ሥር የማር ጠብታ ይቀመጣል፤ ፀሐይ መደቡን ከመታች በኋላ ንብ የማይገኝበት ደቂቃ የለም። ጎረቤት ቀፎ ያለው ሰው ካለ በእነዚህ ሳምንታት ፀረ ተባይ አይረጭም።

ለአበባ ማስቀመጫ የሚቆረጠው ሲሶው ሲፈታ ነው። የሽንኩርት ሽታው የሚወጣው ከተቆረጠው ጫፍ ነው፤ በ1 ሊትር ውሃ 5 ጠብታ በረኪና ጨምሮ ውሃውን በየቀኑ መለወጥ ያጠፋዋል። ለማድረቅ ሲፈለግ ኳሱ ዘንጉ ላይ እንዳለ፣ እንደቆመ በባዶ ማሰሮ ይቀመጣል፤ ተዘቅዝቆ ከተሰቀለ ይጨማደዳል።

የሰኔ ቀጠሮ

ከሰኔ ሚካኤል በፊት ትልልቆቹ ከመሬት መውጣት አለባቸው። ይህ ቀን አይሸራረፍም። ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ባይደርቅ እንኳ ሁለት ሦስተኛው ቢጫ ከሆነ ራሱ ይወጣል። መኮትኮቻው ከራሱ አንድ ስንዝር ርቆ ይገባል፤ የተጫረ ራስ አይከርምም። አፈሩ በእጅ ይራገፋል እንጂ አይታጠብም። ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚያገኘው በረንዳ ላይ ለ10 ቀን ይነጠፋል፣ ደረቅ ቅጠሉ ይቆረጣል፣ ከዚያ በሽንኩርት ከረጢት ተደርጎ ሞቅ ያለና ደረቅ ቦታ፣ ለምሳሌ ወጥ ቤት ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ ይሰቀላል። የሚቀጥለው ዓመት እንቡጥ መፀነስ የሚጀምረው በዚህ የሙቀት ጊዜ ስለሆነ ከመሬት እንደወጣ ወደ ፍሪጅ አይገባም።

ቱልባጊያና ጋርሊክ ቻይቭ ግን መደቡ የሚያፈስስ ከሆነ ክረምቱን እዚያው ያሳልፋሉ። እነሱን ለመክፈል ደግሞ ሰኔ ምቹ ነው፦ ጉብታው በአካፋ ለአራት ይሰነጠቃል፣ ቅጠሉ በ10 ሳንቲ ሜትር ይቆረጣል፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከላል።

የሚያበላሹት

ከሁሉም የከፋው ነጭ የሥር ብስባሽ ነው። የታችኛው ቅጠል ያለ ምክንያት ይቢጫል፣ ተክሉ ሲሳብ በቀላሉ ይነቀላል፣ ሥሩ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ፣ በጥጡም ላይ ከጤፍ የማይበልጡ ጥቁር ፍሬዎች አሉ። እነዚያ ፍሬዎች አፈር ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያሉ፤ የሚነቁት የሽንኩርት ሥር ሽታ ሲደርሳቸው ነው። የሚመቻቸው ከ10 እስከ 20 ዲግሪ የሆነ እርጥብ አፈር ነው፣ ማለትም የደጋው አፈር። የሚረጭ መድኃኒት ፍለጋ መሮጥ ገንዘብ ማባከን ነው። ነጭ ሽንኩርት ተተክሎበት በሚያውቅ መሬት ላይ የአበባ ሽንኩርት አይተከልም፣ የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ኮምፖስት ውስጥ አይገባም፣ ከሌላ ጓሮ የተዋሰ ዶማ ታጥቦ ነው የሚገባው። አንድ ተክል ላይ ከታየ ከነዙሪያው አፈር፣ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ተቆፍሮ በከረጢት ከጊቢ ይወጣል። መደቡ ላይ በሰፊው ከታየ ሽንኩርት እዚያ አበቃ፤ በንጹሕ አፈር ወደ ተሞላ ትልቅ ማሰሮ መዞር ነው።

ዋግ፣ ማለትም ቅጠሉ ላይ የሚፈነዳው ብርቱካንማ ዱቄት፣ መልክ ያበላሻል እንጂ ራሱን ቶሎ አይገድልም። የያዘው ቅጠል ይለቀማል፣ ውሃ በቅጠል ላይ ማጠጣት ይቆማል። ትሪፕስ የሚባለው ደቃቅ ተባይ በጥርና በየካቲት ድርቀት ይመጣል፤ ቅጠሉ ላይ ብር የመሰለ ጭረት ይተዋል፣ በቅጠሎቹ መጋጠሚያም ይደበቃል። ሁለት ሦስት ጊዜ በጠንካራ የውሃ ጅረት ማጠብ፣ ካልበቃ በ1 ሊትር ውሃ 5 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና አመሻሽ ላይ መርጨት ይበቃል። የበልግ በረዶ ግን መፍትሔው ቅድመ ዝግጅት ነው፦ ዘንግ መታየት ከጀመረ ጀምሮ አራት እንጨት ቆሞ የጥላ መረብ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ ሰማዩ ሲጠቁር ይዘረጋል። አንዴ የተሰበረ ዘንግ ሌላ አይተካም።

ላም፣ በግ ወይም ውሻ ያለው ሰው አጥር ያስፈልገዋል። የሽንኩርት ወገን ሁሉ የእንስሳቱን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል፤ ውሻና ድመት ከሁሉም ይጎዳሉ፣ ላሟም ከበላች ወተቱ ይሸታል። የተነቀለ ቅጠል ለከብት አይጣልም። ከውጭ የመጣ የአበባ ሽንኩርት ራስ በሻጋታ መድኃኒት የታሸ ሊሆን ስለሚችል ወጥ ቤት ሲሰቀል ለወጥ እንዳይላጥ ከረጢቱ ላይ በትልቁ መጻፍ ነው።

ሰኔ ላይ ሲነቀል ከዋናው ራስ ጎን ትንንሽ ልጆች ይገኛሉ። እነሱ ተለይተው ይቀመጣሉ፤ ፍሪጅ ገብተው ከትልልቆቹ ጋር በጥር ይተከላሉ፣ በ5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ግን በሌላ መደብ፣ ለቅጠል ብቻ። የአበባ ልካቸው ላይ ለመድረስ ሁለትና ሦስት ዙር ይፈጅባቸዋል። ዋናው ራስም ቢሆን በእኛ አጭር ወቅት ከዓመት ዓመት ሊቀንስ ይችላል፤ ሰኔ ላይ በሜትር ዙሪያውን ለክቶ ከልኩ በታች የሆነውን ከልጆቹ ጋር መመለስ፣ ለአበባ ደግሞ በመስከረም ጥቂት አዳዲስ መጨመር ነው።